ሳጥኑ ቀን የጠየቀ ዕለት

አላምረውን ከጎን አስቀምጦ መንዳት ንብ የገባበት መኪና እንደ መንዳት ነው። መስኮቱን ይከፍታል፤ መልሶ ይዘጋል። ሬዲዮውን ያበራል፤ ተናጋሪው ሰላምታውን ሳይጨርስ ያጠፋዋል። ጉልበቱ አያርፍም። የራሱን ጥፍር በልቶ ከጨረሰ በኋላ የእኔን እስክሪፕቶ ክዳን ማኘክ ጀምሯል፤ ስንት ጊዜ «የራስህን ይዘህ ና» ብዬዋለሁ። ከጎንደር ዳባት እስክንደርስ ድረስ «አያ አዳነ፣ ስንት ቀረን?» እያለ ያደርቀኛል። መንገዱን ከእኔ እኩል ያውቀዋል እኮ!

እኔ የጠዳ ልጅ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነድቻለሁ፤ እህል ጭኛለሁ፣ በግ ጭኛለሁ፣ ሙሽራም ጭኛለሁ። አሁን ለገጠር ጤና ጣቢያዎች የኮምፒውተር ሥራ የሚሠራ አንድ ፕሮጀክት ቀጥሮኝ የጎንደሩን ጽሕፈት ቤት ፒካፕ እነዳለሁ። ባለሙያው አላምረው ነው፤ እኔ አድራሽ ነኝ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው እሱ በየመንገዱ ሲለፈልፍ የሰማሁትን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ትንሽ አይደለም፤ አፉም እንደ ጉልበቱ ነውና።

አላምረው ተወልዶ ያደገው ቁስቋም ነው። አባቱ መሪጌታ ዕንባቆም ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። ዓመቱን አስልተው የትኛው ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል ወረቀት ሳይነኩ የሚያወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነለትም። ዜማ ጀምሮ ተወ። ቅኔ ቤት ገብቶ በሰባተኛ ወሩ ወጣ። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ምሕንድስና ተምሮ እሱንም ተወው። ከዚያ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይል ሲጠግን ከረመ፤ የኮምፒውተሩን ነገር እዚያው ቁጭ ብሎ፣ ማለቴ ቆሞ፣ በራሱ ተማረ። አንድ ቀን ቤታቸው ሳደርሰው አባቱ በር ላይ አገኙኝና «አሁን ደግሞ ምን እየሠራ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ማሽን ይተክላል፣ አባቴ» አልኋቸው።

«ይጨርሳል?»

ሽማግሌ ፊት እንዳልዋሽ መኪናዬን አስነሣሁ።

ይኼን ሁሉ የምናገረው ላማው አይደለም። ሥራውን ሲይዝ እጁ ወርቅ ነው። ችግሩ የመጨረሻዋ ላይ ነው። ዘጠኝ እጅ ከሠራ በኋላ የቀረችዋን አንድ እጅ «ነገ» ይላታል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ጀምሮ ይገኛል።

ጅባራ ሜዳ ጤና ጣቢያ የሄድነው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ከዳባት ወደ ምሥራቅ የሚገባውን ጥርጊያ መንገድ ይዛችሁ፣ ብርዱ አጥንት እስኪሰብር ከወጣችሁ በኋላ ታገኙታላችሁ። አላምረው ቀደም ብሎ ስልክ ደውሎ «ኮንቴይነር ልንተክል እንመጣለን» ብሏቸው ነበር። ስንደርስ ዘበኛው አያ አስማረ የአጥሩን አራት ቋሚ ነቅሎ፣ የግቢውን ድንጋይ ለቅሞ፣ ክሬን ያለው የጭነት መኪና ሲጠብቅ አገኘነው። አላምረው ከቦርሳው የጫማ ካርቶን የምታህል የብረት ሳጥን አወጣ።

«ኮንቴይነሩስ?» አለ አያ አስማረ።

«ይኸው፤ አራቱም እዚህ ውስጥ ናቸው።»

አያ አስማረ ቋሚዎቹን መልሶ እስኪተክል ድረስ አላናገረውም። እኔ ስቄ ልሞት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሳጥኑ ውስጥ መዳፍ የሚያካክሉ ሦስት ቦርዶች አሉ። በእነሱ ሙያ ኮንቴይነር የሚባለው፣ አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ለብቻው የሚታሸግበት ነው፤ የትም ቢጭኑት ጎረቤቱን ሳይነካ ይሠራል። አንዱ የካርድ ክፍሉን መዝገብ ይይዛል፣ አንዱ መድኃኒት ይቆጥራል፣ አንዱ የክትባቱን ፍሪጅ ሙቀት ይጠብቃል። አንዱ ደግሞ ነፍሰ ጡር እናቶችን ከነመውለጃ ቀናቸው ይመዘግባል፤ የእኛ ጣጣ እሱ ላይ ነው። ሦስቱ ቦርዶች ተያይዘው እንደ አንድ ማሽን ይሆናሉ። ይኼን ክላስተር ይለዋል። አንዱ ቦርድ ቢሞት ሥራው ወደ ሁለቱ ይዛወራል። እዚያ ተራራ ላይ ኢንተርኔት ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ ስለዚህ ሳጥኑ ከጎንደርም ሆነ ከአዲስ አበባ ምንም ሳይጠብቅ እዚያው መሥራት አለበት።

ለሁለት ቀን ሲተክል ዋለ። እየተነሣ፣ እየተቀመጠ፣ ግቢውን እየዞረ፣ ኬብል እየነቀለ፣ መልሶ እየሰካ። የሚሠሩባቸውን ገጾች በሙሉ በእኛ አቆጣጠር አደረገላቸው፤ መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ያሳያል፤ ሰዓቱም የእኛ ነው። ያልነካት አንዲት ገጽ ብቻ ነበረች። ሳጥኑ ሲነሣ ቀን ቢጠፋበት የምትመጣው ገጽ ናት። «እሷ በዓመት አንዴ ብትመጣ ነው፤ በሌላ ጊዜ አስተካክላታለሁ» አለ። በመጨረሻ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አንዱን ቦርድ ነቀለው፤ የእናቶቹ ዝርዝር ከስክሪኑ ላይ ንቅንቅ አላለም። አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብሁ።

የእናቶቹ ክፍል ኃላፊ ሲስተር የዓለምወርቅ ናት። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ አሥራ ስምንት ዓመት እዚያ ያዋለደች ሴት ናት። በክፍሏ ግድግዳ ላይ አሥራ ሦስት ኪስ ያለው ጨርቅ ነበራት፤ ለየወሩ አንድ ኪስ፣ ለጳጉሜንም አንድ። የእያንዳንዷን እናት ካርድ በመውለጃ ወሯ ኪስ ውስጥ ትከታለች። ወሩ ሲጠባ ካርዶቹን አውጥታ መንገዳቸው የራቀባቸውንና ችግር ያለባቸውን ወደ እናቶች ማቆያው ታስጠራለች፤ ቀናቸው እስኪደርስ እዚያው ጤና ጣቢያው ግቢ ይቀመጣሉ።

«ሁለት መዝገብ ካለ ሁለቱም በደንብ አይያዝም» አላት አላምረው። «ጨርቁን አውርጂው።»

«እስቲ ለአንድ ዓመት ጎን ለጎን እናስኪደው።»

«ሲስተር፣ አታምኚኝም?»

እሷም በእሱ ቃል አወረደችው፤ ካርድ መጻፉም ቀረ። ይኼን ልብ በሉልኝ።

ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ የኢንተርኔቱ መስመር ጨርሶ ጠፋ። ስልክ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲያሰኘው። ነሐሴ አሥር ቀን እኔና አላምረው እንፍራንዝ ነበርን። እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ የሶላር ገመድ ያጠብቃል፤ እኔ መሰላሉን ይዣለሁ። ስልኩ ጮኸ። በጆሮውና በትከሻው መካከል አጣብቆ አነሣው። ሲስተር የዓለምወርቅ ናት። ሰሞኑን በደመናው ምክንያት የሶላሩ ባትሪ አልቆ ሳጥኑ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን ተነሥቷል፤ ግን ቀን ይጠይቀኛል አለችው።

«የዛሬን ቀንና ሰዓት ጻፊለት» አላት።

«በቃ?»

«በቃ።» ዘጋው። ወዲያው ብሎን አቀብለኝ አለኝ።

ከመሰላሉ ሥር ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። እኔም ምንም አልታየኝም፤ አሁን አዋቂ ልሁን አልልም።

በሦስተኛው ቀን፣ ጎንደር ተመልሰን ሳለን፣ ከዳባት የሚመጣ አንድ የማውቀው የአውቶቡስ ሹፌር የታጠፈ ወረቀት አመጣልኝ። ስልኩም ስለጠፋ ሲስተር በእጇ ጽፋ የላከችው ነው። አላምረው ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ። እንዲህ ይላል፤ «የእናቶች ዝርዝር ከአሥር ጀምሮ አልከፈት ብሏል። ከፍልሰታ በፊት የነበረውን ሳምንት ለክትባት ዘመቻ ወጥቼ፣ ስመለስም ሳጥኑ ጠፍቶ ስለነበር የነሐሴን አላየሁትም። ወደ ማቆያ መጠራት ያለባቸው አሉ። አንዷ በፊት በቀዶ ሕክምና የወለደች ናት። የመዘገበቻት አዋላጅ በሐምሌ ተዛውራ ስትሄድ ‹እሷን አደራ› ብላኛለች። ስሟን አላውቀውም፤ ቀበሌዋንም አላውቀውም። ሳጥኑ ውስጥ ናት። ቶሎ ድረሱልኝ።»

«በቀዶ የወለደች ብትሆን ምን ይሆናል?» አልሁት።

«እኔ ምኑን አውቄ፣ አያ አዳነ» አለኝ። ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ እንደገና አነበበው፤ በኪሱ ከተተው፤ አውጥቶ እንደገና አነበበው።

በማግስቱ ጠዋት ተነሣን። ነሐሴ አሥራ አራት ነው። ጥርጊያው መንገድ ጭቃ ብቻ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወርዶ ገፋልኝ፤ በሦስተኛው መኪናው ሳይቆም ወረደ። ልቆጣው ፈልጌ ተውሁት።

ሲስተር የዓለምወርቅ ሰላምታ አላበዛችም። «የድሮው ስፌት ምጥ ላይ ሊቀደድ ይችላል» አለችን፤ እኔ ለጠየቅሁት መልስ መሆኑን ሳታውቅ። «ቤቷ ውስጥ ከተቀደደ እሷንም ልጁንም አናገኛቸውም። ስሟን ብቻ ስጠኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አላምረው ላፕቶፑን ከሳጥኑ ጋር አያይዞ ሠላሳ መስመር የሚሆን ጽሑፍ አወጣ። ጣቱን እያሮጠ አነበበ። ሦስቱ ቦርዶች እርስ በርስ መተማመን አልቻሉም አለን። ቦርዶቹ ሥራ ከመቀባበላቸው በፊት ሰርተፍኬት ይተያያሉ፤ የጤና ጣቢያው ዘበኛ በር ላይ መታወቂያ እንደሚጠይቀው ማለት ነው። «ጊዜው አልፎበታል ይላል» አለ። የጽሑፉን ጫፍ ሳያይ ወደ ሚቀጥለው አለፈ። «ሰዓቱንም ልይ» አለና ተመለከተ። ስክሪኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ወር አሥራ ሁለት፣ ቀን አሥራ አራት፣ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ይላል። የእጅ ሰዓቱን አየ፤ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት። «ሰዓቱ ልክ ነው» አለ። እኔም አየሁት፤ ልክ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥድፊያ ብቻ ነው። ሰርተፍኬቱን ላድስ አለ፤ እምቢ አለው። አንዱን ቦርድ አጥፍቶ አስነሣ፤ እምቢ። ሦስቱንም አጠፋ፤ እምቢ። ተነሥቶ ወጣ፣ ግቢውን ዞረ፣ ተመልሶ ገባ፣ ጻፈ፣ ሰረዘ። ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ነፍሰ ጡር ይዘው የመጡ ሰዎች ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላሉ። እኔ መኪናው ጋ ሄጄ ጎማ አየሁ፤ ተመልሼ መጣሁ፤ እንደገና ሄድሁ። የእሱ በሽታ ተላላፊ ነው። ስድስት ሰዓት ሆነ።

«በቃ» አለ በመጨረሻ። «ክላስተሩን አፍርሼ እንደ አዲስ እተክለዋለሁ። ሁለት ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው።»

«ስሞቹስ?» አለች ሲስተር።

«ጎንደር ቅጂ አለኝ። እስከ ሰኔ ያለው ይመለሳል።»

«ከሰኔ ወዲህስ?»

እጁ ላፕቶፑ ላይ ነበር።

«እሷ የተመዘገበችው በሐምሌ ነው፣ አላምረው።»

«ሲስተር፣ ማሽኑ ሞቷል። ሳይነሣ ምንም ላሳይሽ አልችልም።»

«ለእኔ ማሽንህ ምን ያደርግልኛል?» ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መጥታ መዳፏን ኪቦርዱ ላይ ዘረጋች። «ይኼን ብታጠፋ ያችን ሴት አጠፋሃት። እኔ ሳልፈቅድ አትነካውም። ቁጭ በል።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። ቁጭ አለ። እሷም ጀርባዋን ሰጥታው ጥግ ላይ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደች። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚላክ የአይረን ክኒን በካርቶን ተቆልሎ ነበር። እጇ ሥራ ካልያዘ እንደምትፈነዳ ያስታውቃል። ካርቶኑን አንድ በአንድ እያነሣች በማርከር ትጽፍበት ጀመር።

አላምረው ዝም ብሎ መቀመጥ የማይችል ሰው ነው፤ ዐይኑ ተከተላት።

«ምንድን ነው የምትጽፊበት?»

«የሚበላሽበትን ቀን ነዋ። በፈረንጅ ነው የታተመው፤ ሃያ ሃያ ስድስት ይላል። እዚያ ታች ያሉት በእኛ ቆጥረው ዘጠኝ ዓመት እንዳያስቀምጡት በእኛ እጽፍላቸዋለሁ። ኅዳር ሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ።»

አላምረው ጉልበቱን ማወዛወዝ አቆመ። ያስፈራኝ እሱ ነው።

«ሲስተር» አለ። «ያን ቀን ምን ብለሽ ጻፍሽለት?»

«የዛሬን ቀን ጻፊ አላልኸኝም? አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። ሦስት ሰዓት ከሩብ።»

ወደ ስክሪኑ ዞረ። ጠዋት ያለፈውን መስመር አሁን እስከ ጫፉ አነበበው፤ ጮክ ብሎ፣ እንደ ቃል ትምህርት። «ሰርተፍኬቱ ጊዜው አልፎበታል፣ ወይም ገና አልደረሰም።» ገና አልደረሰም። ሳጥኑ በሆዱ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። በእሱ ቤት ጊዜው የዛሬ ሰባት ዓመት ተኩል ያለፈው የፈረንጆቹ ታኅሣሥ ነው። ሰርተፍኬቶቹ የወጡት ደግሞ በዚህ ዓመት ሚያዝያ። ገና ባልደረሰ ቀን የወጣ መታወቂያ ይዞ የመጣን ሰው የትኛው ዘበኛ ያስገባዋል? ቦርዶቹ ልክ ነበሩ። ሲስተርም የተባለችውን ጽፋለች። አላምረውም ጠዋት ስክሪኑን ሲያይ የገዛ አገሩን ቀን ስላየ አለፈው።

«የባሕረ ሐሳብ መምህር ልጅ» አልሁት። ከአፌ ወጣ፤ ወዲያው ቆጨኝ።

«እኔ ነኝ» አለ። ለእኔ አይደለም የመለሰው። «ያቺን ገጽ ሳልሠራት የሄድሁት እኔ ነኝ። ቀኑን ጻፊ ያልሁሽም እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ላጠፋት ነበር።»

«ኋላ ትናገራለህ» አለችው ሲስተር። «አሁን ክፈተው።»

የሰባት ደቂቃ ሥራ ነበር። ቀኑን በፈረንጆቹ ጻፈለት፣ ሰዓቱን አስተካከለ፣ ሦስቱን ቦርዶች አንድ በአንድ አስነሣ። መጀመሪያ ሁለቱ ተገናኙ፤ ሦስተኛው ዘገየና ገባ። ዝርዝሩ ተከፈተ። ዐሥራ አንድ ስም ነበረበት፤ ከላይ በቀይ የተጻፈች አንዲት። የትነበርሽ፤ ዕድሜ ሃያ ስድስት፤ አንድ ልጅ በቀዶ ሕክምና፤ መንደር ቀጨሞ አምባ፤ የመውለጃ ቀን ነሐሴ ሃያ፤ ወደ ማቆያ የምትጠራበት ቀን ነሐሴ ስድስት።

ስምንት ቀን አልፏል። የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሌላ በሽተኛ ይዞ ከሄደ አልተመለሰም። ሲስተር ቦርሳዋን አነሣች፤ እኔ ቁልፌን ያዝሁ።

ቀጨሞ አምባ መኪና አይደርስም። መንገዱ አንድ ደራሽ ወንዝ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ አቀበት አለ። አላምረው ገና መኪናው ሳይቆም ወርዶ ውሃው ውስጥ ገባ። «ቆይ እንጂ፣ ይወስድሃል» ብዬ ጮህሁበት። ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ቆመ። የቆመው ግን በእኔ ጩኸት አልነበረም። ማዶ ዳገቱ ላይ ሰዎች ሲወርዱ አየ። አራት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመዋል፤ ሌሎች አራት ለመቀያየር ከጎናቸው ይሮጣሉ።

ወንዙን ሲያሻግሯት ሲስተር ውሃው ውስጥ ገብታ ተቀበለቻት። የትነበርሽ ናት። ዐይኗን ጨፍና ጋቢውን ነክሳለች። ባሏ ይበልጣል የቃሬዛውን ራስ ይዟል፤ ምጡ የያዛት ጎሕ ሲቀድ ነው አለን። ሲስተር ሆዷን ዳሰሰች፤ የድሮውን ስፌት ስትነካው ሴትየዋ ጮኸች። ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ።

«ደባርቅ» አለች። «ቶሎ፤ ግን እንዳታንገጫግጫት።»

ሁለቱን ባንድ ላይ እንዴት እንደምሠራቸው ማንም አልነገረኝም። ሴትየዋን የኋላ ወንበር ላይ አስተኛናት፣ ራሷን ሲስተር ጭን ላይ አድርገን። ይበልጣልና አላምረው ከኋላ የጭነቱ ቦታ ላይ ወጡ። ዝናብ መጣ። በመስታወት አያቸዋለሁ። ይበልጣል አንገቱን ደፍቶ ይጸልያል፤ አላምረው ሁለት እጁን ብረቱ ላይ ተክሎ መንገዱን ብቻ ያያል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ ነድቼ አላውቅም። እያንዳንዷ ጉድጓድ ከሥሬ ስታልፍ የኋላውን ድምፅ አዳምጣለሁ። ዝም ስትል ይብስብኛል።

ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ስልክ ሠርቶላት ሲስተር ደውላ ስለነበር ደባርቅ ሆስፒታል በር ላይ አልጋ ይዘው ጠበቁን። ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ወሰዷት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ሐኪም ወጥቶ «ስፌቱ ሳስቶ ለመቀደድ ምንም አልቀረው ነበር» አለ። «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ የማወራችሁ ሌላ ነበር። ሴት ልጅ ናት፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው።» ይበልጣል ወለሉን ሳመ። ሲስተር ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ፤ ለምን እደብቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጎንደር ልንመለስ መኪናውን አስነሣሁ። አላምረው «ቆየኝ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ቢዘገይብኝ ተከትዬው ገባሁ። የትነበርሽ አልጋ አጠገብ ቆሟል። ሲስተር የዓለምወርቅ ከግርጌ በኩል ናት። ሕፃኗ ተጠቅልላ ተኝታለች።

«እኅቴ» አላት። «ያን ሳጥን የተከልሁት እኔ ነኝ። ከስድስት ጀምሮ መጠራት ነበረብሽ። ያልተጠራሽው በእኔ ጥፋት ነው። ቀኑን አሳስቼበት ስምሽ ተዘግቶበት ቆየ። ይኼን ሳልነግርሽ መሄድ አልቻልሁም።»

የትነበርሽ የልጅቱን መጠቅለያ ከአፏ ላይ ገለጥ አደረገች። አየችው። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ብትቆጣም እውነት ነበራት።

«እናቴማ ፍልሰታ ሲገባ ነው ውረጂ ያለችኝ» አለች ቀስ ብላ። «በፊተኛው ልጄ ጊዜ ቀኔን ነግረውኝ ስለነበር ቆጥሬ በራሴ እግር ወርጃለሁ። በሐምሌ ስመጣ ግን ‹አንቺ አትልፊ፣ ሳጥኑ ያውቃል፣ ሲደርስ እንጠራሻለን› አሉኝ። እኔም እናቴን ሳጥኑ ያውቃል አልኋት። በየቀኑ ደጅ እየወጣሁ የሚጠራኝ ሰው መጣ አልመጣ እያልሁ መንገዱን ሳይ ነበር።»

አላምረው አንገቱን ደፋ። ሲስተር የዓለምወርቅም ደፋች።

«ሳጥናችሁን አልጠላሁትም፣ ወንድሜ» አለች የትነበርሽ። «ቀኔን ለእሱም ንገሩት። ግን ቀኔን ለእኔም ንገሩኝ። እኔ እኮ መቁጠር እችላለሁ።»